በድሬዳዋ ሙቀት ያሳበብነው ጥም

የወንድሜ የሙክታር ሕመም በጥም ጀመረ። ምናልባት የእጁ መደንዘዝ ይቀድም ይሆናል፤ እናታችን ጣቶቹ አብጠው ቀለበቱ አልወጣ ያለው ከዚያ በፊት ነው ትላለች። እኔ የማስታውሰው ጥሙን ነው። ችግሩ፣ በድሬዳዋ ጥም የሕመም ምልክት አይመስልም።

ሙክታር በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል። ትከሻው ተጎድቶ ቤት በዋለበት ወቅት፣ ጂም ውስጥ የሚያውቀው ሰው «ፔፕታይድ» የሚባል ዱቄት በትንሽ ጠርሙስ ሰጠው። ፒቱታሪ የተባለችውን የአንጎል ዕጢ ቀስቅሶ የዕድገት ሆርሞን ያስመነጫል፣ ጅማትም ይጠግናል ብሎታል። በውኃ እየበጠበጠ ሆዱን በመርፌ ይወጋ ነበር። ለእኛ ቫይታሚን ነው አለን።

«ይህ ሁሉ ውኃ የት ይገባል?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ።

«አቦ፣ ድሬ ላይ ያልጠማው ማን አለ?»

ስለዚህ በከተማችን ደንብ አስታመምነው። እናታችን ከቀፊራ ገበያ ማንጎ እያመጣች፣ በስኳር አጣፍጣ በበረዶ ታቀርብለታለች። «ጠጣ ልጄ፣ ወላሂ ደርቀሃል።» ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ ቀዝቃዛ ለስላሳ ይዞ ይገባል። በጠጣ ቁጥር ይሸናል፤ በሸና ቁጥር ይጠማዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት ጠራሁት። አልመለሰም። ዓይኑ ክፍት ነበር። አላወቀኝም።

ሆስፒታል ስንደርስ የደሙ ስኳር ከመለኪያው አቅም በላይ ሆነ። ወጣቷ ሐኪም የሚወስደውን ነገር ጠየቀችኝ። ጠርሙሱን ከቤት አመጣሁላት። «ለምርምር ብቻ» ከሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በቀር የአምራች ስም እንኳ የለውም።

«የዕድገት ሆርሞን ሲበዛ የኢንሱሊንን ሥራ ይቃወማል፤ ስኳር ከፍ ይላል» አለች። «ግን እውነቱን ልንገርዎት። እዚህ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም።»

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ፈሳሽ በደም ሥሩ ይገባል። ኢንሱሊን ይገባል። እናቴ ትጸልያለች። የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ አየሁ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ስንት ቀን እንደቆየን ስንጠየቅ፣ እናቴና እኔ ዛሬም የተለያየ መልስ እንሰጣለን።

በመጨረሻ ዓይኑ እኔን አገኘ። «ጠማኝ» አለ። ብርጭቆው እጄ አጠገብ ነበር። ልሰጠው ፈራሁ። ነርሷን ጠራሁ።

መርፌውን ካቆመ በኋላ የእጁ እብጠትና ድንዛዜ ቀስ በቀስ ለቀቀው፤ ስኳሩ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ጤናማው መጠን ስላልተመለሰ እንክብል እየዋጠ፣ ምግቡን እየመረጠ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ መኪናው መሪ ተመለሰ። የስኳር ሕመሙ ቀድሞ ተደብቆ የኖረ ይሁን ፔፕታይዱ ያመጣው፣ ሐኪሟ መለየት እንደማትችል ነግራናለች።

ያቺን ሐኪም ከሁሉ በላይ የማመሰግናት አለማወቋን ስላልደበቀችን ነው። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ፣ ጠርሙሱን ሳታፍሩ ለሐኪም አሳዩ። ጥሙንም በሙቀት አታሳብቡ፤ ስኳራችሁን አስለኩ።

እናታችን ዛሬም ለእንግዳ የማንጎ ጭማቂ ታቀርባለች። ሙክታር ውኃውን ራሱ ይቀዳል። እሷም ጠጥቶ ብርጭቆውን እስኪያስቀምጥ ታየዋለች፤ ጥሙ ተመልሶ እንዳይሆን ፈርታ፣ ሁለተኛ ይቀዳ እንደሆነ ትጠብቃለች።