ዘጠኝ ጣት፣ አንድ ፊርማ

አዳማ ውስጥ ሰንበታ ዱጋሳ ያልነካው የድንጋይ ግንብ ካለ፣ ወይ ጣሊያን ትቶት የሄደ ነው፣ ወይ ትናንት የተጀመረ ነው። እሱ እንዲህ ብሎ አይፎክርም፤ የሚለው ሰው ነው። እሱማ በአጥር ጥግ ሲያልፍ መዳፉን ግድግዳው ላይ እያስኬደ፣ የልጁን ራስ እንደሚዳብስ አባት ዝም ብሎ ይሄዳል። ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ጉልበቱ ደረጃ ይፈራል። ዓይኑ ግን ዛሬም ከመንገድ ማዶ ሆኖ የተጣመመ ግንብ ይለያል፤ ባየ ቁጥር እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዘዋል።

ከደራ ወደ አዳማ የመጣው በሃያ ዓመቱ ነበር። የገበሬ ልጅ ነው፤ ስንዴ እንጂ ድንጋይ አያውቅም። ከድንጋይ ጋር ያስተዋወቀው የወለንጪቲው ኡበይደላ ነው። ኡበይደላ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ዝግ ያለ፣ ሲሠራ ፈጣን ሰው ነበር። ጥቁሩን ድንጋይ በመዶሻው ጫፍ ቆርቆር ያደርግና ጆሮውን አዘንብሎ፣ "ይሄ እሺ ብሏል" ወይም "ይሄ ገና አኩርፏል" ይላል። ያኮረፈውን ወዲያ ይለዋል፤ እሺ ያለውን በሁለት ምት ለሁለት ይከፍለዋል። ድንጋይ ሲቀባበሉ ዜማ የሚያወጣውም እሱ ነበር፤

ድንጋይማ ድንጋይን ተሸክሞት ኖረ፣
ሰው ነው እንጂ ሰውን ጥሎት የበረረ።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ ክፉ ዓመት፣ ድርቅ ያባረረው አንድ የወሎ ሰው ድንጋይ ሊያቀብል እነሱ ዘንድ ተቀጠረ። ዝምተኛ ነበር። ሦስተኛ ሳምንቱን ሳይጨርስ ከባሕር ዛፉ መወጣጫ ላይ ወደቀና እዚያው አረፈ። ዘመድ የለው፣ እድር የለው። የሰፈሩ እድሮች "በመዝገባችን የለም" አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ የለም። ሬሳው በአዳማ ፀሐይ የሲሚንቶ ጆንያ ለብሶ ዋለ። ነፋሱ ጆንያውን ገለጥ ባደረገው ቁጥር አንዱ እየተነሳ ይመልስለታል። በመጨረሻ ኡበይደላ መወጣጫው ላይ ወጣ፤ ገመዱን ፈታ፤ ሁለት አጣና ወደ ታች ወረወረና ቃሬዛ ሠራ። ዘጠኝ ግንበኞች ተሸክመው ቀበሩት። ሲመለሱ በጀመሩት ግንብ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ኡበይደላ ተናገረ።

"እኛም እኮ እንዲሁ ነን። የሰው ቤት ስንሠራ ኖረን፣ እኛ የምንወጣበት በር የለንም።"

የግንበኞች እድር በዚያች ቃል ተመሠረተ። ክርስቲያኑ ሲሞት እስላሙ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሸከማል፤ እስላሙ ሲሞት ክርስቲያኑ እስከ መካነ መቃብሩ ይሸከማል። ጡሩምባ ሲነፋ መዶሻ ይቀመጣል፤ የማንም ቤት ይሁን፣ የቱንም ያህል ይቸኩል፣ ይቀመጣል። አባል የሚሆን ሰው ደግሞ ወረቀት አይጠየቅም። ኡበይደላ እጁን ይጨብጠዋል፤ መዳፉን በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ያሸዋል፤ "ይሄ እጅ ኖራ ያውቃል" ካለ ገባ ማለት ነው። ለስላሳ ከሆነ፣ "ወንድሜ፣ አንተ ሌላ እድር አታጣም" ይለዋል።

አንድ ለስላሳ እጅ ብቻ አስገቡ። የግድ ሆነባቸው። ማመልከቻና ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ከዘጠኙ አንድም ፊደል የቆጠረ አልነበረም። በሚሠሩበት ግቢ ሰዓት ተቆጣጣሪ የነበረውን ዲበኩሉን ለመኑት። ብዕሩን በደረት ኪሱ ሰክቶ የሚዞር፣ ትሑት፣ ደግ ወጣት ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ባማረ እጅ ጻፈላቸው። ዘጠኙ ተራ በተራ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከታች አኖሩ፤ ዲበኩሉ ደግሞ ስሙን ጽፎ ፈረመ።

"የእናንተን ስም ከየጣታችሁ ሥር እጽፈዋለሁ" አለ። "አሁን ቀለሙ ይድረቅ።"

ቀለሙ ደረቀ። ሰንበታ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከለየ በኋላ ሁለት ጊዜ ገጹን አየና ሁለት ጊዜ ጠየቀው፤ ዲበኩሉም ሁለት ጊዜ "ነገ" አለው። ኡበይደላ ሰምቶ ሳቀበት። "ምን ያስጨንቅሃል? ማን እንደመሠረተው አገር ያውቀው የለ እንዴ?" አገር ያውቀው ነበር። አገር ግን ይሞታል። ከዘጠኙ ስምንቱ አንድ በአንድ በእድራቸው ትከሻ ሄዱ፤ ኡበይደላ የሄደው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ያን ዕለት ሰንበታ ለኡበይደላ ባለቤት ለፎዚያ ቃል ሰጣት። "እትዬ፣ የእድራችን አዳራሽ ሲሠራ ስሙ ድንጋይ ላይ ይወጣል። ከሁሉም በላይ።"

እድሩ በዚህ መሐል ሌላ ሆኖ ነበር። እጅ መጨበጡ ቀርቶ ነጋዴውም፣ ኮንትራክተሩም፣ ባለ ሆቴሉም ገባ። ዳኛ ሆኖ የተመረጠው ገመቹ ኮንትራክተር ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ቀልጣፋ ሰው። ገና የተመዘገበ ሰሞን ሰንበታን እንዲህ ብሎ ቀልዶበት ነበር።

"ጋሼ ሰንበታ፣ ፈረንጆቹ ግንበኞች ነን የሚሉ ምስጢራዊ ማኅበር አላቸው አሉ፤ ፍሪሜሰን የሚሉት። እናንተም የዚያ ቅርንጫፍ ናችሁ እንዴ?"

"ምስጢርማ አለን" አለው ሰንበታ። "ነገ ማን ማንን እንደሚሸከም አናውቅም።"

አዳራሹ አልቆ፣ የአርባኛው ዓመት በዓል ሲቃረብ፣ ኮሚቴው የመሥራቹን ስም በእብነ በረድ አስቀርጾ በር ላይ ሊያኖር ወሰነ። ማስረጃ ሲፈለግ ያ የመጀመሪያ ገጽ ወጣ። አንድ ፊርማ፣ አንድ ስም፤ ከሥሩ ዘጠኝ የቀለም ጠብታ። የአዳራሹን ጣሪያ በገንዘቡ ያለበሰው የአቶ ዲበኩሉ ልጅ መሆኑን ማንም ጮክ ብሎ አላነሳም፤ ማንሳትም አላስፈለገም።

ሰንበታ ጉባኤው ፊት ቆመ። ዘጠኙን በስም ጠራ፤ ከኡበይደላ ጀመረ። ገመቹ በአክብሮት ሰማው።

"ጋሼ፣ እርስዎን አላምንም ማለት አይደለም። ግን ታሪክ በወረቀት ነው። ከእነዚህ አንዱ የእርስዎ ጣት መሆኑን ካሳዩን፣ ሌላውንም በቃልዎ እንቀበላለን።"

"አምጡት ቀለሙን" አለ ሰንበታ።

አመጡለት። አውራ ጣቱን ነክሮ በነጭ ወረቀት ላይ አሳረፈ። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ። የሰው ጣት መስመር አለው፤ በውሃ ላይ ጠጠር ሲወድቅ እንደሚሰፋ ክብ። የሰንበታ ጣት ምንም አልነበረበትም። ጥቁር፣ ልሙጥ ጠብታ። ኖራና ሲሚንቶ ሃምሳ ዓመት ልጦ ልጦ ጨርሶታል። ባለፈው ዓመት መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ መሣሪያው አሥር ጣቱን አንድ በአንድ እምቢ ሲለው፣ መዝጋቢዋ ልጅ "አባባ፣ አሻራዎ ጠፍቷል እኮ" ብላው ስቆ ተመልሶ ነበር። አሁን ሳቁ አልመጣለትም።

ገመቹ አዲሱን ጠብታ ከአሮጌዎቹ አጠገብ ያዘው። አንዱ ከሌላው አይለይም።

"ይሄማ..." አለ ቀስ ብሎ፣ "የማንም ሊሆን ይችላል።"

"የማንም አይደለም" አለ ሰንበታ። "እንዲህ ያለ ጣት ያለው ግንበኛ ብቻ ነው። እስቲ የአንተን አሳየኝ።"

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ገመቹ አልተቆጣም፤ ፊቱን ወደ ፊተኛው ወንበር መለሰ። "አቶ ዲበኩሉ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

አቶ ዲበኩሉ ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ተቀምጠዋል። ጎናቸው ልጃቸው አለ፤ ከልጃቸው ጎን የልጅ ልጆቻቸው፣ ለበዓሉ የተሰፋላቸውን ለብሰው። ሰንበታ ትክ ብሎ አያቸው። ዓይናቸውን ለማግኘት ሞከረ፤ ዓይናቸው ወለሉን ይቆጥራል።

"ጊዜው ረጅም ነው" አሉ አቶ ዲበኩሉ። "የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ አስታውሳለሁ።"

ውሸት አልነበረም። ለዚህ ነው የጎዳው። ሰንበታ በዚያ ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ በየአጥሩ መዳፉን አላሳለፈም። አፉ ላይ ግን፣ ሳይጠራው፣ ግጥም መጣ፤

ከተማውን ሙሉ ሲያንጸው የኖረ፣
ለስሙ ማረፊያ አንድ ድንጋይ ቸገረ።

ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ገመቹ ራሱ ቤቱ መጣ። ሻይ አልጠጣም አለ፤ ቸኩሏል።

"ጋሼ፣ እብነ በረዱን የሚገጥም ሰው አምጥቼ ነበር። ሴራሚክ ለጣፊ ነው። ሞከረው፤ ወደ ግራ አዘመመበት። እርስዎ ቢይዙልን ክብር ነው። ስለ ኡበይደላ ደግሞ በበዓሉ መጽሔት ላይ እናወጣለን፤ ቃሌ ነው።"

የሰንበታ ባለቤት ዘርፉ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ገመቹ ሲወጣ ጠብቃ፣ "አትሄድም" አለችው። "ዕድሜህን ሙሉ እሺ ስትል ኖረሃል። እምቢ የምትልበት አንድ ቀን ካለህ ይቺ ናት።"

"እኔ እምቢ ብልም ይሰቀላል።"

"ይሰቀላ። በሌላ ሰው እጅ ይሰቀል።"

"አዘመመ እኮ ነው የሚልሽ።"

"ይዝመም! ድንጋዩ ራሱ ጠማማ አይደለም እንዴ?"

ሰንበታ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ፤ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር የሚያየው ስሙን አልነበረም፣ የኡበይደላንም አልነበረም። ከአዳራሹ በር ጎን ወደ ግራ ያዘመመ ነጭ ድንጋይ ነው የሚያየው። ለነገሩ መጽሔትም ሰው ያነበዋል፣ አለ ለራሱ፤ መጽሔት ቤት ይገባል፣ ድንጋይ ግን ደጅ ነው የሚቀረው። በማለዳ ተነስቶ ውሃ ልኩን፣ ቱንቢውንና ማዕዘን መለኪያ ስኳድራውን በከረጢት አድርጎ ሄደ። ዘርፉ ደህና ዋል አላለችውም።

የሴራሚክ ለጣፊውን ሥራ አፍርሶ እንደ አዲስ ጀመረ። ከጎኑ አምስት ጊዜ ለካ። ድንጋዩን አስደግፎ ሲያጠብቀው፣ የተቀረጸው ጽሑፍ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ነበር፦ "የግንበኞች እድር፤ መሥራች አቶ ዲበኩሉ።" የውሃ ልኩ አረፋ መሐል ላይ ቆመ፤ አልነቃነቅም አለ። እንዲህ ያማረ ሥራ ከሠራ ዓመታት ሆኖታል። በዚያች ቅጽበት ደስ አለው፤ ኋላ ላይ ራሱን ይቅር ያላለው በዚህ ነው።

እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ተሰበሰበ። መጽሔቱ ታደለ። ሰንበታ በቀስታ ገለጠ፤ አንድ ጊዜ አነበበ፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበ። "አቶ ዲበኩሉ ከሌሎች ግንበኞች ጋር በመሆን" ይላል። ሌሎች። ገመቹን ፈለገው፤ ገመቹ መድረኩ ላይ እንግዳ ሲቀበል እጁን ከሩቅ አውለበለበለት። አቶ ዲበኩሉ ካባ ለብሰው ተቀምጠዋል። ካባው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል።

ሰው ወደ ምሳው ሲገባ ሰንበታ በሩ አጠገብ ቀረ። ፎዚያ መጣች፤ የልጅ ልጇ ሃዊ ክንዷን ይዛታለች። ሃዊ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ዓይነ አፋር ልጅ ናት። ሰንበታን ሰላም ብላ ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች።

"አካም፣ ሰንበታ" አለች ፎዚያ። "ነገያ ነው? ዘርፉ ደህና ናት?"

"ነገያ ነው፣ እትዬ። ደህና ናት።"

ፎዚያ ቀና ብላ ድንጋዩን አየች። ማንበብ አትችልም፤ ሰንበታ ይህን ያውቃል። ኡበይደላ በሕይወት ሳለ ደብዳቤ ሲመጣላቸው ይዘው የሚመጡት ሰንበታ ዘንድ ነበር።

"ስሙ የቱ ጋ ነው?" አለችው።

ሰንበታ እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ እጇን ሂና ተቀብታ፣ ለዚህ ቀን ብላ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። አንድ ጣቱን አንሥቶ ወደ ላይኛው መስመር ጠቆመ።

"ያቺ፣ ከላይ ያለችው። ኡበይደላ ነው የሚለው።"

"ኡበይደላ ብቻ?"

"ኡበይደላ... መሥራች።"

ፎዚያ ድንጋዩን ደግማ አየችው። ከአዳራሹ ውስጥ የሳህን ድምፅና የማይክራፎን ፉጨት ይሰማል።

"ሃዊ ቅድም ስንገባ አንብባልኛለች" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "ከአንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው የጠየቅኩህ።"

ሰንበታ እጁ እንደተነሳ ቀረ። "እትዬ፣ እኔ..."

"ማነው የሰቀለው?"

"እኔ ነኝ።"

"ያስታውቃል" አለች። "ቀጥ ብሏል። እሱ ያስተማረህን አልረሳህም።"

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ፣ የሃዊን ክንድ ይዛ፣ ደጅ ወደቆመው ባጃጅ ሄደች። ምሳ አልገባችም። ሰንበታ ሊከተላት አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆመ።

የአቶ ዲበኩሉ ልጅ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ልጆቹ ከድንጋዩ ሥር ተደረደሩ፤ ሽማግሌው በምርኩዛቸው መሐል ቆሙ። ፎቶ አንሺው ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበና መልሶ አወረደው።

"አባባ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልን" አለው ሰንበታን በትሕትና። "ጽሑፉን ከለሉት።"

ሰንበታ ዘወር አለ።