ባትሪውን ሲሞቀው ታሂርን ሲበርደው

ልብስ ሰፊው ታሂር የአርብ ገበያ ሰው ነው። ከዚያ እስከ ነፋስ መውጫና እስከ መካነ ኢየሱስ ድረስ በሜትሩ ያልለካው ወገብ የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሠላሳ ዓመት በሰው በረንዳ ላይ ሲሰፋ ኖሮ፣ ሃምሳ ሲሞላው አንዲት ያረጀች አይሱዙ ገዛና ካሶኒዋ ላይ በላሜራ ቤት አሠራባት። ውስጧ አልጋ፣ መስተዋትና በሞተር የሚሠራ የስፌት መኪና ገባ። ጣሪያዋ ላይ ሶላር ተዘረጋ፤ ከካሶኒው ሥር ደግሞ በብረት ሳጥን ውስጥ ሊትየም የሚባለው ባትሪ ተንጠለጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታሂር ራሱን እንደ መሐንዲስ ማየት ጀመረ። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው፤ ይህን የሚለው ሌላ ሰው ሳይሆን እሱ ራሱ ነው።

ሚስቱ ሩቅያ የድሮውን የስፌት መኪና የእግር መርገጫ ቤት አስቀምጠው ብላው ነበር። እሱ ግን ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው ብሎ መርገጫውን ከነብረቱ ለአንድ የስማዳ ልብስ ሰፊ ሰጠ። ሲሰጠውም በዘመን ወደ ኋላ ለቀረ ሰው እንደሚታዘን ትንሽ አዘነለት።

ባትሪውን የሸጠለት የደብረ ታቦር ነጋዴ በደንብ አስረድቶታል። ይህ ባትሪ በውርጭ ጊዜ ኃይል አይቀበልም፣ ስለዚህ በሚሞላበት ሰዓት መሞቅ አለበት፣ ለዚህም ከሥሩ የሚለጠፍ ማሞቂያ አለ ብሎታል። ከዚህ ሁሉ ንግግር ታሂር ይዞ የሄደው «መሞቅ አለበት» የሚለውን ብቻ ነበር። ማሞቂያውን በገዛ እጁ ለጠፈ፤ ሽቦውንም በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘ። ማጥፊያ አላበጀለትም፤ ለምን እንደሚጠፋ አልታየውም።

ታኅሣሥ ገባና የጋይንት ውርጭ ሣሩን ነጭ ያለብሰው ጀመር። ታሂር ጠዋት ተነሥቶ ሳጥኑን ሲከፍት ባትሪው ዶሮ እንደታቀፈችው እንቁላል ለብ ብሏል። ደስ ብሎት ይገባና የስፌት መኪናውን ሲያስነሣ ግን ድምፅ የለም። ፀሐይ ወጥታ ሶላሩ እስኪሠራ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ሶላሩን ጠረጠረ፤ በሩቅያ ሻሽ እስኪያብረቀርቅ ወለወለው። ቀጥሎ አምፖሉን ጠርጥሮ ነቀለውና ማታ ማታ በጨለማ መቀመጥ ጀመረ። ሬዲዮም መስማት ተወ። ባትሪው ግን በየጠዋቱ ባዶ ነው። በመጨረሻ ታሂር ብዙ አስቦ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ፦ ባትሪው አልሞቀውም። ስለዚህ ሁለተኛ ማሞቂያ ጨመረለት፣ በላዩም የራሱን ጋቢ ደረበለት። እሱ ደግሞ ጋቢ ስላጣ የደንበኞቹን ያላለቁ ኮቶች ደራርቦ ይተኛ ነበር። አንድ ጊዜማ እጅጌ ያልገባለትን የአንድ ዳኛ ኮት ለብሶ አድሮ፣ በማግሥቱ ዳኛው ሲለካ ከኪሱ የታሂር የጥርስ መፋቂያ ወጣ።

ጉዱ የተገለጠው በጥር ነው። የነፋስ መውጫው አያ ጌታሁን ልጃቸውን ማንአለሽን ሊድሩ ነበርና የሙሽራዋን ቀሚስ ታሂር ያዘ። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የቀሚሱ ዘርፍ ብቻ ሲቀር፣ ታሂር ጠዋት በባትሪ እጨርሰዋለሁ ብሎ ተኛ። ጠዋት አያ ጌታሁን ከወንድ ልጃቸው ከላቀው ጋር ቀሚሱን ሊወስዱ መጡ። ላቀው የፊዚክስ መምህር ነው። ሰማዩ ዳምኖ ስለነበር ሶላሩም አልሠራም። ታሂር የስፌት መኪናውን ማብሪያ ሦስት ጊዜ ተጫነና ቀና ብሎ ሳያያቸው፣ ትንሽ እንዲታገሡት ለመናቸው።

አያ ጌታሁን ትዕግሥት አልነበራቸውም። ነገሩን ሲረዱ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና የስፌት መኪናውን መዘውር በእጃቸው እንደሚያዞሩት ነገሩት። ታሂር መዘውሩን የሚያዞረውን ቺንጋ ከሞተሩ ፈታ። ሽማግሌው ያዞራሉ፣ እሱ ይሰፋል። ክንዳቸው ሞፈር የለመደ ነውና ጨርቁ ከታሂር ጣት እያመለጠ ይሮጥ ጀመር። ቀስ እንዲሉለት ሲለምናቸው፣ «ቀስ ካልኩማ ልጄ ልትዳር የምትችለው ለከርሞ ነው» አሉት። ገበያተኛው በካሶኒው በር ተሰብስቦ ያያል። አንዲት ሴትዮ፣ ሰውዬው ደመወዝተኛ ሆነው ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ታሂር መሬት ብትከፈት በደስታ ይገባ ነበር፤ ግን እጁ መርፌው ሥር ስለነበር ቀና ማለትም አልቻለም።

ቀሚሱ አለቀ፤ ዘርፉ በስተግራ በኩል ትንሽ ዘመም ብሏል። ላቀው እስከዚያ ከካሶኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን ከፍቶ ኖሯል። ጋቢውን ገለጠ፣ እጁን ባትሪው ላይ አሳረፈ፣ ሽቦውን በዓይኑ ተከተለ።

«አያ ታሂር፣ ይህ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል?» አለ።

«አንድም ሌሊት አስተጓጉዬው አላውቅም» አለ ታሂር፣ አሁንም በትንሽ ኩራት።

«ሌሊት ባትሪውን የሚሞላው ማነው?»

ታሂር ሶላሩን አሰበ፣ የአይሱዙዋን ሞተር አሰበ፣ ከዚያ እሱም ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ያየው ጀመር።

ላቀው ሳይስቅ አስረዳው። ብርድ ባትሪውን የሚጎዳው ውርጭ ላይ እያለ ሲሞላ ነው እንጂ፣ ቢበርደውም መስጠት አያቅተውም። የታሂር ማሞቂያዎች ግን የሚበሉት ራሱን ባትሪውን ነው፤ ስፌቱ ቀን ከሚፈጀው ይልቅ እነሱ ሌሊት የሚፈጁት ይበልጣል። በየሌሊቱ ታሂር ባትሪውን በባትሪው እያሞቀ ባዶውን ያሳድረው ነበር ማለት ነው። ሁለተኛዋን ማሞቂያ ስትጨምርማ፣ አለ ላቀው፣ ሁለተኛ በላተኛ ነው የጠራኸው። ከዚያ «የጠራኸው» ማለቱን አስተዋለና ደንግጦ «የጠሩት» ብሎ አረመ። ታሂር አንተ መባሉ አላስቀየመውም፤ ከዚያ የባሰም ይገባኝ ነበር ይላል።

መፍትሔው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ባትሪው ከውጭው የብረት ሳጥን ወጥቶ ከአልጋው ሥር ገባ፣ በስፖንጅና በበግ አጎዛም ተጠቀለለ። አንዱ ማሞቂያ ተነሣ። ሌላው ከሶላሩ መስመር ጋር ተያይዞ ማጥፊያ ተበጀለት፤ ጠዋት ባትሪው ከመሞላቱ በፊት ለብ እስኪል ብቻ ይሠራል። ጋቢው ለባለቤቱ ተመለሰ።

በሠርጉ ቀን ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ በግ ታርዶ፣ ታሂርና ሩቅያ ከሙስሊሙ ጎረቤት ከመሕቡብ ቤተሰብ ጋር አብረው ተቀመጡ። አያ ጌታሁን ግን ለመጣው ሁሉ የቀሚሱን ግማሽ የሰፉት እሳቸው እንደሆኑ ይናገሩ ነበር፤ የዘመመው በኩልማ የታሂር እጅ ነው ይላሉ። ሩቅያ ይህን ስትሰማ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። ስለ መርገጫው ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ታሂርን ይበልጥ የቆጠቆጠው ይኸው ዝምታዋ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ባትሪውን ሲነካው ቀዝቅዟል።  የስፌት መኪናውን ሲያስነሣው ግን በአንዴ ተነሣ፤ ክርም ሳያስገባ ዝም ብሎ ሲያስኬደው ቆየ።

ባለፈው ሳምንት መካነ ኢየሱስ ላይ አንድ ሾፌር ስለ ባትሪና ስለ ብርድ ጠየቀው። ታሂር ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ረጅም ትምህርት ሰጠው። ሰውዬው ተደንቆ፣ ይህን ሁሉ የት ተማሩት አለው። ታሂር ለአፍታ ያህል መሐንዲስ ሆኖ ለመቅረት አስቦ ነበር። ከዚያ ሾፌሩን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠውና ነገሩን ከመጀመሪያው፣ ጋቢውን ለባትሪ ካለበሰበት ቀን አንሥቶ ይነግረው ጀመር።