በጋዜጣ የተጠቀለለ ሸሚዝ

መጻፍ አልለመድኩምና ስሳሳት አርሙኝ። ይህን ሰው ያወቅኩት ለሥራ ፈተና ስጣደፍ ሱሪዬ ከኋላ ተተርትሮብኝ ነው። የምገባበት ጠፍቶኝ አጠገቤ ያለች ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ዘው አልኩ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይጠይቅ የሰው ካፖርት ወርውሮልኝ፣ "ግባ ከመጋረጃው ኋላ። እኔ ምንም አላየሁም" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛው ነኝ። የሰፈሩ ሰው ሜትር ይለዋል፤ የልክ መውሰጃ ሜትሩ ከአንገቱ ስለማትወርድ ነው። ሚስቱማ "ተኝቶም አያወልቃት" ትላለች።

ሜትር ሃያ ዓመት ሙሉ ሰፍቷል። አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ጥቂት ነው፤ የሚያኖረው ጥገና ነው። የሱሪ ጉልበት ይጥፋል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮሌታ ይገለብጣል። የሸሚዝ ኮሌታ እጥፋቱ ላይ ሲበላ ይተረተርና ያልተበላው ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይሰፋል፤ ሸሚዙ አዲስ ይመስላል። ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ አቀርቅሮ፣ ደጁ ጭር ሲል ጠብቆ ነው የሚያመጣው። ሜትርም አፉ ጥብቅ ነበር። የማን ምን እንደተጣፈ ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አይልም።

እንዲህ ያለ ሰው ምን አግኝቶት ምርጫ ውስጥ ገባ? የጎርፍ መውረጃው ቦይ ነው ጉዱ። በዘነበ ቁጥር ሞልቶ ሱቆቹ ውስጥ ይገባል፤ ሜትርም የስፌት መኪናውን ፔዳል ውሃ ውስጥ ይረግጣል። የሰፈሩ ተወካይ በምክር ቤቱ አሥራ ሁለት ዓመት የቆዩት ጡረተኛው መምህር ነበሩ። ሜትር ሦስት ጊዜ አቤት አላቸው፤ ሦስቴም "ይዘነዋል" አሉት። በአራተኛው "እንግዲያው እኔው ልወዳደራቸው" ብሎ ተመዘገበ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ በሳቅ ሊሞት ነበር።

"አንተ? ሰው ፊት 'እጅዎን ይዘርጉ' ከማለት በቀር ምን ተናግረህ ታውቃለህ?"

ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሁለቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቀረቡ። እኔም ነበርኩ። መምህሩ መናገር ያውቁበታል። "ወንድሜ ጥሩ ሰፊ ነው፣ እጁ ይባረክ። ግን ቦይ በመርፌና በክር አይሠራም" ሲሉ ሰው በሳቅ ፍርስ አለ። ሜትርን ላብ አጠመቀው። ያጠናው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ከዚያ አፉ ላይ የመጣለትን አወጣው።

"መርፌና ክሩን አይናቁት መምህር! የለበሱት ሸሚዝ ኮሌታ የተገለበጠው በዚሁ መርፌ ነው!"

አዳራሹ ተናጋ። ሰው ወንበር እየደበደበ ሳቀ። ከኋላ አንዱ "ኮሌታው!" ብሎ ጮኸ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። መምህሩ ግን አልተቆጡም። እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ አንገታቸው ሰደዱና ኮሌታቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ፊት ለፊት ወደተቀመጡት ሚስታቸው ዞር አሉ።

ሜትር ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው። ሸሚዙን በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡለት ሚስትየዋ ነበሩ። "አደራ ልጄ" ብለውት ነበር። "ዓይናቸው ደክሟል፣ አይለዩትም። አዲስ ገዛሁልዎ ነው የምላቸው። የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን።"

ሜትር በሰባ ሦስት ድምፅ አሸነፈ። ፀጉር አስተካካዩ አቅፎ ቢያነሳው "ተው፣ አውርደኝ" አለ እንጂ ፈገግ እንኳ አላለም። መምህሩ በመንገድ ሲያልፉ "ኮሌታው" የሚል አይጠፋም። ሜትር ያንን በሰማ ቁጥር የስፌት መኪናውን አቁሞ አንገቱን ይደፋል።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ጥገና የሚያመጣለት ሰው መጥፋቱን አስተዋለ። አዲስ ጨርቅ የያዘ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ፣ ኮሌታው የተበላ ሸሚዝ ግን የለም።

"ሰው ሁሉ ሀብታም ሆነ እንዴ?" አላት ሚስቱን።

"ምን ብለው ያመጡልሃል?" አለችው። "ገመናቸውን ነበር የሚሰጡህ። ነገ ደግሞ አዳራሽ ይዘኸው ብትወጣስ?"

በማግስቱ መምህሩ ቤት ሄደ። በሩን ሚስትየዋ ከፈቱለት፤ ግባ ግን አላሉትም።

"እማማ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ" አለ መሬት መሬት እያየ።

"ይቅርታህን ደጄ ድረስ በድብቅ ይዘህ መጣህ" አሉት። "ገመናችንን ግን የዘራኸው አዳራሽ ነው።"

"መምህር ምን አሉ?"

"ምንም። ብቻ ከዚያን ቀን ወዲህ ሸሚዝ ስሰጣቸው መስኮቱ ጋ ሄደው ኮሌታውን ያዩታል።"

ሜትር ወደ ሱቁ ተመለሰ። በተመረጠ በወሩ ሕዝቡን በዚያው አዳራሽ ሰበሰበ። ሰው የመጣው ስለ ቦዩ ሊሰማ ነው። እሱ ግን ድምፁ እየተቆራረጠ፣ "ከቦዩ በፊት አንድ ነገር አለብኝ። እዚህ ቆሜ አደራ በልቻለሁ። የምመልሰው ሲጠፋኝ ነው መምህሩን ያዋረድኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እባካችሁ 'ኮሌታው' አትበሏቸው" አለ። ማንም አልሳቀም። ማንም ደግሞ "አይዞህ" አላለውም። ከኋላ አንዱ "እሺ፣ ወደ ቦዩ ጉዳይ እንሂድ" አለ። መምህሩና ሚስታቸው አልመጡም ነበር፤ ነገሩ ጆሯቸው ይድረስ አይድረስ ሜትር እስከ ዛሬ አያውቅም።

ቦዩ አሁን እየተቆፈረ ነው። ሜትር ግን ሰው በደጁ ሲያልፍ ቀና ብሎ ማየት ትቷል።

እኔም ልናዘዝ። ያን ቀን ወንበር ከደበደቡት አንዱ እኔ ነኝ። እሱ ይቅርታ ሲጠይቅም አጎንብሼ ጫማዬን ሳይ ነበር። ስለዚህ አንባቢዎቼን እለምናለሁ፤ ሂዱና ጠይቁት። ከፀጉር ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ በር ናት። አዲስ ጨርቅ አትውሰዱለት። ያረጀውን፣ ለሰው ማሳየት የምታፍሩትን ይዛችሁ ግቡና ጠረጴዛው ላይ ዘርጉለት። ቶሎ ባያናግራችሁ አትቀየሙት።