አጥቤ የቀላቀልኩት ሞተር

የባለቤቴ አርባ ካለፈ በኋላ ልብሶቹን ለሚለብሳቸው ሰው ልሰጥ ብዬ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ኮቱም ሸሚዙም ምንም አላለኝም፤ ከታች ተጣጥፎ የተቀመጠው ሰማያዊ ቱታ ግን ገና ሳነሳው የነጭ ጋዝ ሽታው ፊቴን መታኝ። ያንን ቱታ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት እግዚአብሔር ያውቃል፤ በሳሙናም በአመድም ሞክሬዋለሁ፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቱታውን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ፣ ሐሳቤ አቃቂ ተከራይተናት ወደነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ሙሽራ ወደነበርኩበት በረንዳ ይዞኝ ሄደ።

ባለቤቴ ታደሰ ያኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመፍተያ ማሽን ጠጋኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። አባቴ ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረሰ፣ ክራባት ሳያስር እስከ ሱቅ እንኳ የማይሄድ ሰው ስለነበር ልጁን ለቢሮ ሰው ነበር ያሰባት። ሠርጋችንን አልከለከለም፤ ነገር ግን ዓመት እስኪሞላን ድረስ ቤታችን ገብቶ እህል አልቀመሰም። ባሌን በስሙ አይጠራውም፤ "ያ የጨርቅ ሰው" ነበር የሚለው።

አባዬ ከልጆቹ እኩል የሚወዳት አሮጌ የጣሊያን መኪና ነበረችው። ልጆች ሳለን እሑድ እሑድ ሳሪስ አቦ የምንስመው በእሷ ነበር፤ አራታችን ከኋላ እንደ ሙዝ ተደራርበን፣ የእማዬን ነጠላ እንዳናቆሽሽ እግራችንን ሰብስበን። እኔ በተዳርኩበት ዓመት ዳገቱ ላይ ውሃዋ አለቀና መፍላት ጀመረች። እንፋሎቱ ከኮፈኗ ሥር ቡልቅ ቡልቅ እያለ አባዬ የሚያውቁት ሰዎች ፊት ቆሞ ውሃ መለመኑ አሳፈረውና ዝም ብሎ ነዳት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትደርስ አንድ ጊዜ ጓ ብላ ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰችም። የመጣው ባለ ጋራዥ "ሞተሩ ነክሷል፣ ብረቱ ከብረቱ ተጣብቋል፤ ሌላ ካልተገዛ ሬሳ ናት" ብሎ ሄደ። ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆማ የእማዬ ዶሮዎች ከሥሯ እንቁላል ይጥሉባት ጀመር።

ታደሰ ልሞክራት ሲል አባዬ ሳቀ። እማዬ ግን "ሬሳ ናት ካልክ ምን ትሆንብሃለች? ይሞክራት" አለችው። በመጨረሻ እሺ አለ፤ ለፋሲካ ካልተነሳች ግን ለቁራሌ እንደሚሰጣት ምሎ ነበር።

የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ግቢያችን ደረሰች። እኔ ወዲያው መዶሻና ጩኸት ጠብቄ ነበር። ታደሰ ግን መጀመሪያ አንድም ብሎን አልነካም። ማርሹን አውጥቶ ገፋት፤ ተንከባለለች። ማርሽ አስገብቶ ገፋት፤ እንደ ግንብ ቆመች። "እግሯ ደህና ነው፤ የተያዘው ልቧ ነው" አለኝ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየቀዳዳው ነጭ ጋዝና ዘይት ቀላቅሎ ጨመረና ክዳኑን ዘግቶ ተወው። ከዚያ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ፣ ቱታውን ሳያወልቅ፣ ትልቁን ቁልፍ የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ አስገብቶ ትንሽ ይሞክራል፤ እምቢ ስትለው ይተዋል። ለምን በኃይል እንደማይታገላት ስጠይቀው "ተለምና ነው እንጂ ተገድዳ አትፈታም" አለ። በዘጠነኛው ቀን የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም "ነይ! ነይ!" ብሎ ጠራኝና እጄን ቁልፉ ላይ አደረገው። የጣት ስፋት ያህል ዞረ። ልጅ የተገላገለች ሰው እንዳየሁ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ሲፈታት ሦስተኛው ፒስተን ከሚመላለስበት ጉድጓድ ግድግዳ ጋር ተቃጥሎ መጣበቁ ታየ፤ የቀሩት ደህና ነበሩ። ግድግዳውን ቶርኖ ቤት አስወልውሎ፣ የአንድ ስልጤ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ያገለገለ ግን ልኩ የሆነ ፒስተን አገኘ። የፈታውን ሁሉ በረንዳው ላይ በካርቶን አሰልፎ፣ ከእኔ ትምህርት ቤት ባመጣሁት ጠመኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ጻፈበት። እነዚህ ብረቶች ዓመታት አብረው ስለኖሩ እያንዳንዱ ጉድጓዱን ለምዷል፤ ቦታ ቢለዋወጡ እንደገና ይናከሳሉ ብሎ አስረዳኝ። ያስረዳኝ መሰለው እንጂ እኔ ስሰማው የነበረው ድምፁን ነበር።

አባዬ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣል፤ ቤት ግን አይገባም፤ ዱካ ላይ ተቀምጦ ቁጥሮቹን እየተከተለ ይቆጣጠራል። በጾሙ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ታደሰ ፋብሪካ ተረኛ ሆኖ ሄዶ ብቻዬን በረንዳውን አየሁት። ነገ አባቴ ይመጣል፤ ደጄ ላይ ግን ጥቁር ቅባት የለበሰ የብረት ክምር። እንግዳ የሚመጣበት ቤት ይጸዳል፤ እናቴ ያስተማረችኝ ይህንን ነው። ውሃ አፈላሁ፣ ሳሙና አቀረብኩ፣ አንድ በአንድ ፈትጌ አጠብኳቸው፣ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው፣ ካርቶኑንም አዲስ አደረግሁለት። ከዚያ እንደ ስኒ በየቁመታቸው ደረደርኳቸው። ሲያብረቀርቁ አይቼ እንዴት እንደኮራሁ!

ታደሰ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ጠመኔው የት እንደገባ ያኔ ትዝ አለኝና እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እሱ ግን ተንበርክኮ አንዱን አነሳና "እንዲህ ነጭ ሆነው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው" አለ።

በማግሥቱ አባዬ ዱካው ላይ ተቀመጠና ወዲያው "ሁለተኛው የታል?" አለ።

"ተቀላቅለውብኛል አባባ" አለ ታደሰ። "ሳጥባቸው ምልክቱን አጠፋሁት።"

"ይኸው! መኪና ጨርቅ አይደለም እኮ አንተ ሰውዬ፣ ታጥቦ የሚሰጣ!"

"ልክ ነዎት፣ የእኔ ጥፋት ነው።"

እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ታደሰ ቀና ብሎ አየኝና ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ከጾሙ ይልቅ ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሥራ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ታደሰ ዓይኑን ጨፍኖ እያንዳንዱን ብረት በጣቱ ጫፍ ያነበው ነበር፤ በፋብሪካው በሺህ የሚቆጠር እንዝርት በጣቱ እየነካ የታመመውን የሚለይ ሰው ነበርና። አንዱ ፒስተን በግራ ጎኑ ይበልጥ ተበልቷል፤ በዚያው ጎን የተበላ ግድግዳ ይፈልግለታል። ፒስተኖቹን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች ከክዳኖቻቸው ጋር እንደ ተሰበረ ገል ጠርዝ ለጠርዝ ያገጥማል። አንዱን አስሮ ዘንጉን በእጁ ያዞራል፤ ከከበደው ይፈታና ሌላውን ይሞክራል። ሰዓት አያይም፣ አይበሳጭም፣ እኔንም ቀና ብሎ በክፉ ዓይን አላየኝም። በሕማማት ሳምንት ሁሉም በየቦታው ገብቶ ዘንጉ በሁለት ጣት የሚዞር ሆነ።

ቀዳም ስዑር ቀን አባዬ የመጣው ቁራሌውን አስከትሎ ነበር። ታደሰ የማስነሻውን ቁልፍ አዞረ፤ አጉረመረመችና ዝም አለች። ቁራሌው ማዳበሪያውን አነጠፈ። በሁለተኛው አጉረመረመች፣ አስነጠሰች፣ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ያ የልጅነቴ የእሑድ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ታደሰ አንድ ቀጭን እንጨት አምጥቶ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን አባዬ ጆሮ ላይ አደረገ፤ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚያዳምጡት እንዲህ ነው። አባዬ ጎንበስ ብሎ ክራባቱ ዘይት እስኪነካ ድረስ አዳመጠ።

ያን ጊዜ አላስቻለኝም። "አባዬ፣ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

ቀና ሳይል "አውቃለሁ" አለ። "እሱ ቢያጥባቸው እንደ ስኒ ይደረድራቸው ነበር? እሱን የተቆጣሁት አሳልፎ ይሰጥሽ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።" ከዚያ እንጨቱን መለሰለትና "ታደሰ" አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ፤ "እጄን የምታጠብበት ውሃ አለ?" ብሎ ጫማውን ጠርጎ ቤታችን ገባ።

ታደሰ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም አልተለወጠም። ወጥ ሲያርብኝ እንግዳ ፊት "እሳቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ" ይላል፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን ስረሳ "እኔ ነኝ ያላስታወስኳት" ይላል። ለምጄው ስለነበር ስጦታ መሆኑን ዘንግቼው ኖሬአለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ሳይደርሱ ለቀሩ ዘመዶች ሻይ ሳቀርብ በስኳሩ ፈንታ ጨው ጨምሬ ኖሯል። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ቀስ እያሉ ጠጡት። የራሴን ስቀምስ ነው ያወቅሁት። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ጥቂት ጠበቅሁ፤ ከጎኔ "እኔ ነኝ" የሚል ሰው አልነበረም።