ጋሽ ይሁኔ ቀጥቃጭ ነበሩ

በግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩት ጋሽ ይሁኔ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ጧት፣ ጥቂት ቀን ብቻ ታመው ዐረፉ። በማግስቱም ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት ተቀበሩ። አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ ላልሰማችሁ መርዶውን የማደርሰው እኔ በመሆኔ አዝናለሁ።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ እዚያው ቆሜ ነበር። ደልጊ መወለዳቸው ተነበበ። መልካም አባት፣ ደግ ጎረቤት፣ የዕድሩ ታማኝ አባል መሆናቸው ተነበበ። ስለ ሥራቸው ግን የተባለው «በልዩ ልዩ የግል ሥራዎች ተሰማርተው ቤተሰባቸውን ሲያስተዳድሩ ቆይተዋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ልዩ ልዩ! ጋሽ ይሁኔ በዕድሜያቸው ሙሉ የሠሩት አንድ ሥራ ነው። ብረት ቀጥቅጠዋል። ከቆምነው ሰዎች መካከል በእሳቸው እጅ ያላለፈ ቢላዋ፣ ማጭድ ወይም መጥረቢያ በቤቱ ያለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይሁን እንጂ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን «ነፍስ ይማር» አልን። እኔም አልሁ። ይህን የምጽፈው በዚያ ዝምታ ተናድጄ ነው፤ ከንዴቱም ለራሴ የሚደርሰኝ ድርሻ አለ።

ከጋሽ ይሁኔ ጋር ያገናኘኝ የኔፓል ቢላዋ ነው። የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ኮሌጅ ውስጥ በቤተ ሙከራ ነው። እናቴ ግን ዘጌ ናት፤ ትንሽ የቡና መሬት አላት። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቡናው መካከል የሚበቅለውን ቁጥቋጦ የምመነጥረው፣ በዕረፍት ቀኔ በጀልባ እየተሻገርሁ፣ እኔ ነኝ። የገበያው ገጀራ ከበደኝ። ይህን ስናገር የሰሙኝ ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ አዲሱ ነበሩ። ሰላም ለማስከበር ሄደው ከኔፓል ወታደሮች ጋር በአንድ ካምፕ ከርመዋል፤ ሲመለሱም ሁለት ቢላዋ ይዘው መጥተዋል። «ነይ እስቲ፣ አንዱን ልሽጥልሽ» አሉኝ።

ስሙ ኩክሪ ይባላል። ርዝመቱ አንድ ክንድ አይሞላም፤ ከእጀታው ቀጥ ብሎ ይወጣና መሐል ላይ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ወደ ጫፉ ደግሞ ሆዱ ይሰፋል። አንደኛው እንደ መስታወት ያበራል፤ ጌጥም ተቀርጾበታል። ሌላው ጠቆር ያለ፣ የመዶሻ ምልክት ያልጠፋበት፣ እጀታው ቀንድ ነው። እጄ ወደሚያበራው ሲሄድ ሃምሳ አለቃ ከለከሉኝ።

«እሱ የግድግዳ ነው። ይኼ ነው የሥራው። ነቅነቅ አድርጊው እስቲ፣ ከእጀታው ይላቀቃል? አይላቀቅም። በቃ ይኼን ውሰጂ።»

ጠቆር ያለውን ወሰድሁ። ሰፈሩ ሳቀብኝ። «ሴት ልጅ ምን ልታርድበት ነው?» ያለኝም ነበር። «ምላስ» ብዬ መለስሁለት።

ክረምት ገባ። ብረት እንዳይዝግ መቀባት እንዳለበት ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሚቀባ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። በእናቴ ቤት የሚቀባ ነገር ሁሉ ቅቤ ነው የሚቀባው፤ ፀጉርም፣ ቆዳም፣ የተሰነጠቀ ተረከዝም። ስለዚህ ለጋ ቅቤ አምጥቼ ቢላዋውን ከእጀታው እስከ ጫፉ ለቀለቅሁት፤ በቆዳ አፎቱ ከትቼ ሣጥን ቆለፍሁበት። በመስከረም ሣጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ቀጥሎ ጉንዳን። ቢላዋው ከአፎቱ አልወጣም አለኝ።

ወደ ጋሽ ይሁኔ ይዤው ሄድሁ። ወናፋቸውን አቁመው ተቀበሉኝ፤ አፎቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱና ሳቁ።

«ልጄ፣ ብረት ነው ሙሽራ የቀባሽው?»

«እንዳይዝግ ብዬ ነዋ!»

«ለጋ ቅቤ ውሃ አለው፣ አሬራ አለው። ቆዳው ደግሞ ርጥበቱን ይዞ አቆየልሽ። ብትበዪው ይሻልሽ ነበር።»

አፎቱን ጨብጬ ልጎትት ስል እጄን ያዙኝ። «እንደሱ አይደለም! በስለቱ በኩል አትጨብጪው፤ ቆዳውን ሰንጥቆ ጣትሽን ይወስደዋል። በጀርባው በኩል ያዢ።» እንዲህ ያለ ቢላዋ አይተው አያውቁም። ነገር ግን የት ሊቆርጥ እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እሳቸው አወቁት።

ቀስ ብለው ካወጡት በኋላ ዝገቱን በላመ አመድና በዘይት፣ በጨርቅ፣ ሳይቸኩሉ አሹት። በሞተር የሚዞረውን መሳያ አላስጠጉትም፤ ግለቱ የስለቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል አሉ። ቀጥለው ሞረድ አነሡ። በጀርባው ላይ ሲያስኬዱት ሞረዱ ያዘ፤ በስለቱ ላይ ሲያስኬዱት ተንሸራተተ። ደግመው ሞከሩት። ከዚያም ወደ ብርሃን አውጥተው አገላበጡት።

«ይህን የሠራ ሰው ሥራውን ያውቃል» አሉ። «ያጠነከረው ስለቱን ብቻ ነው። ጀርባውን ለስላሳ አድርጎ ተወው፤ ሲመታበት እንዳይሰበር።»

ከአፎቱ ጎን የተሰኩ ሁለት ትናንሽ ቢላዎችም ነበሩ። አንዱ ይቆርጣል፤ ሌላው ደነዝ ነው። ሃምሳ አለቃ ያታለሉኝ መስሎኝ በዚህ የተነሣ አኩርፌያቸው ነበር። ጋሽ ይሁኔ ደነዙን አንሥተው በትልቁ ስለት ላይ ሳብ ሳብ አደረጉት። «ይሄማ የትልቁ ማቃኛ ነው። ስትቆርጪበት ስለቱ ሲተኛ በዚህ ታቃኚዋለሽ። ሂጂና ሰውየውን ይቅርታ ጠይቂ።» ሄጄ ጠየቅሁ።

ስለ አያያዙ የነገሩኝን እስከ ዛሬ እንደነገሩኝ እፈጽማለሁ። «ሥራ ስትጨርሺ አጥበሽ አድርቂው። የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጊና በጨርቅ አዳርሺው፤ ስስ ይሁን። ስታስቀምጪው ከአፎቱ አውጪው። አፎት የመንገድ ነው፤ የመኝታ አይደለም።»

በዚያ ቀን ምሳ ሰዓት ደረሰና ልጃቸው ስመኝ ትሪ ይዛ መጣች። እጄን ልታጠብ ስነሣ ጋሽ ይሁኔ አዩኝ። «እቤትሽ ያውቃሉ?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ እናንተም ይገባችኋል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለ ሰው ማጭዱን ደጃፍ ቆሞ ያሠራል እንጂ ከገበታው አይቀርብም። «ያውቃሉ» አልሁ። ዋሸሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ትሪ በላሁ፤ እናቴ ቢላዋውን ማን እንደሚያድስልኝ ስትጠይቀኝ ግን «ጋራዥ ያለ ልጅ» እላት ነበር።

አንድ ቀን ሃምሳ አለቃ አዲሱ ዶማ ሊያሠሩ አብረውኝ መጡ። ጋሽ ይሁኔ ስለ ኔፓሉ ሠሪ መጠየቅ አይሰለቻቸውም ነበርና ያን ዕለትም ጠየቁ። ሃምሳ አለቃ ከወታደሮቹ የሰሙትን ተናገሩ። በዚያ አገር ቀጥቃጮቹ ካሚ ይባላሉ። ወታደሩ በኩክሪው ይመካል፤ የሠራውን ካሚ ግን ቤቱ አያስገባውም፣ ከእጁም ውሃ አይቀበልም ነበር። ዛሬ በሕግ ቢከለከልም ነገሩ ጨርሶ አልጠፋም።

ጋሽ ይሁኔ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «እዚያም?»

«እዚያም» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ አፍረው።

የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ብድግ አሉ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። «እንግዲያው ነገሩ ከእኛ አይደለም ማለት ነዋ! እኔ እኮ አባቶቻችን ያጠፉት ነገር ይኖር ይሆን እያልሁ ነው ዕድሜዬን የጨረስሁት። የማይተዋወቅ ሁለት ሕዝብ አንድ ዓይነት ስድብ ከየት አመጣ? ሰው ያለሱ መኖር የማይችለውን ሰው ይፈራል። ሲፈራ ደግሞ ይሰድባል።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይሁኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አያውቁም። መታወቂያ ሊያሳድሱ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርሁ፤ ጸሐፊው ልጅ ደግ ያደረገ መስሎት «የብረታ ብረት ባለሙያ» ብሎ ጻፈ። «ሰርዘው» አሉት። «ቀጥቃጭ በል። አታሽሞንሙነኝ።» ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸውም ዞረው ሰልፈኛውን አንድ በአንድ አዩት።

ደግነታቸውም እንደ ቁጣቸው ፊት ለፊት ነበር። እሳቸው ባለፉ ቁጥር ሕፃን ልጇን በነጠላ የምትሸፍን አንዲት ጎረቤት ነበረችን። አንድ ቀን ልጁ ቤት ውስጥ እያለ በሩ ተቆለፈባት፤ ውስጥ ምድጃ ተለኩሷል። ሰው ይጮኻል፣ በሩን ይደበድባል። ጋሽ ይሁኔ መሮና መዶሻ ይዘው መጡ፣ ማጠፊያውን በሦስት ምት አወለቁት፣ ልጁን ታቅፈው ወጡ። እናቱ እያለቀሰች እጇን ዘረጋች። እሳቸው ቶሎ አልሰጧትም፤ የልጁን ፊት ደህና አድርገው ተመለከቱትና «ይኸው አየሁት፤ አልበላሁትም» ብለው አስረከቧት። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ልጇን ሸፍና አታውቅም። ቡና ግን አልጠራቻቸውም።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው «ልዩ ልዩ የግል ሥራዎች» ብለን የቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ሄጄ ተቆጣሁ። ሰውየው ታግሠው አዳመጡኝና «እኔ የጻፍሁት የተነገረኝን ነው። እንዲህ ይባል ያለችኝ ልጃቸው ናት» አሉኝ። በዚያው ንዴት ወደ ስመኝ ሄድሁ። ስመኝ ነርስ ናት፤ እንደ አባቷ አትጮኽም።

«ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት» አለችኝ። «ባለፈው ወር ጓደኞቿ ምሳ ዕቃቸውን አሸሹባት። ለምን ብላ ጠየቀችኝ። አባዬ ጀግና ነው፤ ብቻውን ቆሞ ተናግሯል። ልጄ ግን ገና ልጅ ናት። አንቺ ተናደሽ ስትጨርሺ ቤትሽ ትገቢያለሽ።» ከዚያ ፊቴን አየችኝ። «ለመሆኑ ከእኛ ጋር እንደምትበዪ ለእናትሽ ነግረሻታል?»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ በጧቱ ጀልባ ዘጌ ተሻገርሁ። እናቴ ቡና እያሰጣች ነበር። ቁጭ ሳልል ነገርኋት። «እማ፣ ቢላዋዬን የሚያድስልኝ ጋራዥ ያለ ልጅ አይደለም። ጋሽ ይሁኔ የሚባሉ ቀጥቃጭ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ከገበታቸው በላሁ። አሁን ሞቱ።»

እጇ ቡናው ላይ ቆመ። «ማርያም ድረሺ! ምንም አልሆንሽም?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይኸው አለሁ። ወፈርሁ እንጂ አልከሳሁም።»

አልሳቀችም። «ብትነግሪኝ እኮ አልፈቅድልሽም ነበር።»

«ለዚሁ ነው ያልነገርሁሽ።»

እናቴ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ጀልባው ድረስ ሳትሸኘኝ ስትቀር ይህ የመጀመሪያው ነው። ስልኬንም እስከ ዛሬ አላነሣችልኝም። ያመኛል፤ አያመኝም ብዬ አልዋሽም። የበለጠ የሚያመኝ ግን ይህን ጋሽ ይሁኔ በሕይወት እያሉ አለማድረጌ ነው። እሳቸው በሰልፈኛ ፊት የተናገሩትን እኔ ለአንዲት እናቴ መናገር ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

ከዘጌ ተመልሼ የሆነውን ለስመኝ ነገርኋት። የተነበበውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች፤ «በልዩ ልዩ የግል ሥራዎች» የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ «በቀጥቃጭነት» ብላ ጻፈች። «አርባው ላይ ይነበባል» አለችኝ። «ጸሐፊው አይደለም የሚያነበው፤ እኔ ነኝ። ልጄም ከፊት ተቀምጣ ትሰማለች።»

ስለዚህ ጋሽ ይሁኔን የምታውቁ ሁሉ፣ በአርባቸው ቀን ኑ። ምሳ አለ። ምግቡ የሚበስለው በጎረቤት ቤት አይደለም፤ በእሳቸው ጓዳ ነው፣ አብሳይዋም ልጃቸው ናት። ደጅ ቆሞ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ መመለስ የለም። የሚገባ ይግባ፣ እጁን ይታጠብ፣ ይቁረስ። ይህን የማይችል ሰው ካለ፣ ቤቱ ያለውን ማጭድና ቢላዋ መልሶ ያምጣልን።

ጋሽ ይሁኔ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። እርስዎ ብቻዎን የቆሙባቸውን ዓመታት መልሼ ልሰጥዎ አልችልም፤ ስለዚያ ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ ግን ስመኝ ብቻዋን አትቆምም። በአርባዎ ቀን ትሪው መሐል ላይ ይቀመጣል። ሰው ቢመጣ እሰየው። ባይመጣም ምግቡ አይተርፍም፤ ስመኝ፣ የልጅ ልጅዎና እኔ በሩን ወለል አድርገን፣ መንገደኛው ሁሉ እያየን፣ ቁጭ ብለን እንጨርሰዋለን።