ተደፍታ የምትተኛው እህቴ

ዛሬ እህቴን ሄለንን ቀብረን ስንመለስ ጎረቤታችን አዴ ዘሃራ የሄለንን ባዶ ፍራሽ እያየች ቆማለች። አታለቅስም።

ስኳር የሄለንን ዓይን ስለጎዳው አዲስ አበባ ደጋግማ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። በመጨረሻው ቀዶ ጥገና፣ የተላቀቀውን የዓይኗን ውስጠኛ ሽፋን ደግፎ እንዲይዝ ዓይኗ ውስጥ ዘይት ጨመሩና ቀንም ሌሊትም ተደፍታ እንድትተኛ አዘዟት። እዚህ ቤታችን፣ በድሬዳዋ ሙቀት!

ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተጋድሜ የክፍላችንን ወሬ እነግራት ነበር።

አንድ ቀን አዴ ዘሃራ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ ጎራ አለች። ሄለን መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተደፍታለች። እናቴ ከሌላ ለቅሶ ቤት መመለሷ ስለነበር ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ነው።

አዴ ዘሃራ “ወይኔ ልጄን!” ብላ ሰፈሩን በጩኸት ሰበሰበችው።

“አቦ አዴ፣ አልሞትኩም! ለዓይኔ ነው!” አለች ሄለን ከትራሱ ውስጥ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ስቆ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ዘይቱን ለማውጣት ሌላ ቀዶ ጥገና ይቀራት ነበር። ስኳሩ የጎዳው ኩላሊቷ ቀደመ።

ዛሬ እናቴ፣ “ዘሃራ፣ አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ” አለቻት።

“ቆይ ትንሽ” አለች አዴ፣ ዓይኗን ከፍራሹ ሳትነቅል። “ያኔም ቸኩዬ ነው የጮህኩት።”

እናንተስ ቤት ለዓይኑ ብሎ ተደፍቶ የሚተኛ ነበር? አጠገቡ ተጋድማችሁ ምን ታወሩለት ነበር? ጻፉልኝ።