የካምሻፍቱ አርባ አንድ እግዚኦ

ደረሰ ጎረቤቱን የጠላው በድምፁ ነው። እንዴት ብትሉ፣ ሰቆጣ ውስጥ ከመነኻሪያው ጀርባ ሁለት ጋራዦች አንድ የቆርቆሮ አጥር ይጋራሉ። በወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረው ደረሰ፤ በወዲያ ደግሞ ትናንት ዲያቆን የነበረ፣ ዛሬ እጁን ግራሶ የነከረው አሥራተ ማርያም። ታዲያ ይህ ሰው ሞተር ሲገጥም ያንጎራጉራል። ምን እንደሚል በቆርቆሮው አይለይም። የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሱ የገጠመው ሞተር ዘይት አያንጠባጥብም።

የደረሰ ያንጠባጥባል።

«ዛሬም ደጃፉ ላይ ሦስት መኪና!» አለ ደረሰ ምሳ ላይ፣ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ።

«አንተ የሰው ደጃፍ ቁጠር» አለች ሚስቱ ይታየሽ።

«ድግምት አለው እኮ! ሲያነበንብ አትሰሚም?»

«ካለውማ ሄደህ ያስተምርሃ!»

ደረሰ ሄዶ ሊለምን? ሞቶ ነው!

ያን ሰሞን የኔሰው መጣ። የኔሰው በኒሯቅ መንገድ ሚኒባስ የሚነዳ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደረሰ ሌላ እጅ መኪናውን ያላስነካ ደንበኛ ነው።

«ደረሰ ወንድሜ፣ ሞተሯን ካደስክልኝ ወዲህ ከፊት በኩል ሁለቴ ዘይት ጣለች። ተሳፋሪው ‹ያቺ አልቃሻዋ› ይላታል። አሁንም ካንጠባጠበች እንግዲህ…» አለና በአገጩ ወደ ቆርቆሮው አመለከተ።

አገጩ! ደረሰን ከቃሉ ይልቅ ያች አገጭ አንገበገበችው።

በማግስቱ ጠዋት ወዲያ ማዶ ማንጎራጎሩ ሲጀምር ደረሰ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ። «እግዚኦ… እግዚኦ… እግዚኦ…» ቆጠረ። አርባ አንድ! የመጨረሻዋን ረዘም አድርጎ፣ ከዚያ ዝም።

«ያዝኩህ!» አለ ደረሰ በሹክሹክታ።

ሮጦ ዳግም ፈትቶት ወደነበረው ወደ ሚኒባሷ ሞተር ተመለሰ። ካምሻፍቱን፣ ያን ቫልቮቹን በተራ የሚረግጠውን ዘንግ፣ በሞተሩ ራስ፣ በቴስታታው ላይ አጋደመው። የዘንጉን አፍንጫ ከብባ ዘይት የምታግደውን ጎማ፣ እንደ ልማዱ ደረቅ እንደሆነች በመዶሻ ኳ ኳ አድርጎ አስገባት። ዘንጉን ከላይ የሚይዙትን አምስት ቆቦች ደረደረና ከፊተኛው ጀምሮ አንዱን ብሎን እስኪጮህ አጠበቀ፤ ቀጠለና ሌላውን። አፉ ግን አርባ አንዱን እግዚኦ አንድም ሳያጎድል፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር አደረሰ።

ዘንጉን በቁልፍ ሊያዞር ቢል፣ ወይ ፍንክች!

በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ተሳደበ። ሲብስበት በኽምጣኛ ነው።

«አያ ደረሰ፣ ደህና ነዎት?» አለ አሥራተ ማርያም ከአጥሩ ወዲያ። «እግዚኦውን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ስድቡ መጣ።»

ደረሰ ደህና ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። የየኔሰው አገጭ ትዝ አለችው። «እስቲ… ና እይልኝ» አለ፤ ቃሉ እንደ ዛገ ብሎን እየተንቋቋ ወጣ።

አሥራተ ማርያም መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር።

«ይፍቱት። ብሎኑ አሥር ነው አይደል? ከመካከለኛው ቆብ ይጀምሩና ወደ ሁለቱም ዳር ይሂዱ። ለአንድ ብሎን አንድ እግዚኦ፣ ጥቂት ብቻ ዞር። አሥሩን አራት ጊዜ ሲመላለሱበት አርባ። ዘንጉ ሳይጣመም እኩል ይቀመጣል። እኔ ችኩል ነኝ አያ ደረሰ፤ ካልቆጠርሁ እጄ ይቀድመኛል።»

«አርባ አንደኛውስ?»

«እሱ ዘንጉን ሳዞረው ነው። ከዞረ ለምስጋና፣ ካልዞረ ለምሕረት።» ጎማዋን አውጥቶ አሳየው፤ ከንፈሯ በመዶሻው ተጎድቷል። «አዲሷን ደግሞ ዘይት አስቀምሰው፣ በጣትዎ እያንሸራተቱ ያስገቧት።»

ይኸው ነው? ደረሰ ተቃጠለ። ድግምት ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የእሱ አይሆንም ነበር!

ቢሆንም ገጠመ። ቁልፉን ለሰውየው አልሰጠም። በአርባ አንደኛው ዘንጉ በእሺታ ዞረለት።

ሚኒባሷ ኒሯቅ ደርሳ ስትመለስ የኔሰው ከሥሯ ካርቶን አነጠፈና ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ካርቶኑ ደረቅ ነው።

«እጅህ ተመለሰ! ምን አደረግህ?»

ደረሰ ቆርቆሮውን አየ። ማንጎራጎሩ ቆሟል። ሰውየው እየሰማ ነው።

«አሥራተ ማርያም አሳየኝ» አለ። ወዲያው ደግሞ ጮክ ብሎ «የገጠምኩት ግን እኔ ነኝ!»

የኔሰው እየሳቀ መኪናዋን አስነሣ፣ ሁለቱ ደጃፎች የሚገናኙበት ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሱ፣ አለ ደረሰ በልቡ።

ሁለተኛው ግን ረዘም ያለ ነበር። የማን ይሆን? ይኸው እስካሁን ያስጨንቀዋል።